በሞተር ወደ አዋሽ ፓርክ፦ ስለ ፍል ውሃው፣ ስለ ሳላው እና ስለ ካንዴላህ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ቦክሰር 150 አለኝ፤ ሦስት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ ከቢሾፍቱ አልፌ ግን አላውቅም። የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ የፈላ ውሃ ከመሬት ወደ ሰማይ ሲፈናጠር ቪዲዮ አየሁና ልቤ ተነሳ። እኛም አገር አዋሽ ፓርክ ውስጥ ፍል ውሃ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ፣ ፍል ውሃውን አይቼ፣ ሳላና አንበሳ አይቼ፣ እሁድ ማታ ልመለስ አስቤያለሁ። ሞተሬን ይዤ ፓርኩ ውስጥ መዞር እችላለሁ? ሞተሩስ መንገዱን ይችለዋል?»

ወንድሜ፣ ሞተሩ ይችለዋል። አንተም ትችለዋለህ። ሁለት ነገር ግን ከአሁኑ ቀይር። አንደኛ፣ ቅዳሜና እሁድ አይበቃህም፤ አርብን ጨምር። ሁለተኛ፣ ሞተርህ እስከ ፓርኩ በር ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ በመኪና ግባ። ለምን እንደምልህ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። የኔ ሥራ ሞተር መጠገን ነው፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ አለኝ፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አዋሽ እወርዳለሁ። የምጽፍልህ በእጄ ከነካሁትና በዓይኔ ካየሁት ነው።

መጀመሪያ ያ ቪዲዮ ላይ ስላየኸው ነገር እናውራ። ብዙ ሰው አዋሽ ደርሶ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ቅር ብሎት ይመለሳል። ጥፋቱ የአዋሽ አይደለም። ያ ሰው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው የሄደው።

የሎውስቶን ላይ ያየኸው ጋይሰር ይባላል። ፍል ውሃ ሁሉ ጋይሰር አይደለም። ጀበና አስብ። ሆዱ ሰፊ ነው፣ አንገቱ ጠባብ ነው። እሳቱ ሲበዛበት ቡናው ዝም ብሎ አይንተከተክም፤ ድንገት ገንፍሎ በአንገቱ ይወጣል። ጋይሰርም ጠባብ አንገት ይፈልጋል። ግን ይህ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቀው የጭነት መኪና ራዲያተር በትኩሱ ሲከፈት ያየ ሰው ነው። ክዳኑ እስካለ ድረስ ውሃው ከመፍያ ሙቀቱ አልፎም አይፈላም፤ ግፊቱ አፍኖ ይዞታል። ክዳኑ ሲላላ ግን ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና ይፈነዳል። መሬት ውስጥም እንዲሁ ነው። ጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ ያለው የላይኛው ውሃ በክብደቱ እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን ይጫነዋል። ታች ያለው ከመቶ ዲግሪ በላይ ይግላል። ከዚያ ከላይ ትንሽ ውሃ ፈሶ ሲወጣ ጫናው ይቀንሳል፤ የታችኛው በአንዴ ይፈላና ሁሉን ይዞ ወደ ላይ ይወረወራል። ቀዳዳው ባዶ ይሆናል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይግላል። የሎውስቶን ያለው ዝነኛው ኦልድ ፌይዝፉል በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ብርቅ ነው። እሳቱና ውሃው ብቻ ቢሆን ስምጥ ሸለቋችን በሞላው ጋይሰር በሆነ ነበር። ችግሩ ቧንቧው ነው። ግድግዳው ያንን ፍንዳታ ደጋግሞ የሚችል፣ ውሃውን ወደ ጎን የማያሾልክ መሆን አለበት። የሎውስቶን ዐለቱ በሲሊካ የበለጸገ ስለሆነ የሞቀው ውሃ እያሟሟ ያመጣውን ሲሊካ የቧንቧውን ግድግዳ ይለስንበታል። በዓለም ካሉት ጋይሰሮች ግማሽ ያህሉ እዚያ አንድ ፓርክ ውስጥ ነው ያሉት። በነገራችን ላይ ያ ፓርክ የተከለለው እንደ ፈረንጆቹ በ1872 ነው፤ ከዓለም ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠራውም እሱ ነው።

የአዋሹ ፍል ውሃ ጉሮሮው ሰፊ ነው። ውሃው ግፊት ሳይጠራቀምበት እየተግተለተለ ይወጣና ኩሬ ኩሬ ሠርቶ ይተኛል። አይፈናጠርም። ግን ስታየው ትደነግጣለህ። ሰማያዊ ነው፤ እንደ መስታወት የጠራ ሰማያዊ። ታቹ ያለው ድንጋይ በእጅህ የምትነካው ይመስልሃል፤ ጥልቀቱ ግን ከቁመትህ ያልፋል። ዙሪያውን ዘንባባ ቆሟል። ያ ሁሉ ደረቅ እሾህና ጥቁር ድንጋይ አልፈህ መጥተህ ድንገት የዘንባባ ጫካ ስታይ ዓይንህን አታምንም። ጠዋት ገና ሳይሞቅ ከደረስክ ከውሃው ላይ ስስ እንፋሎት ሲነሳ ታያለህ። ጠጋ ብለህ ዳሩ ላይ ቁጭ በል። ከታች ካለው አሸዋ ትንንሽ የአየር ጠብታዎች በሰልፍ ይወጣሉ፤ አንዱ ሰልፍ ይቆማል፣ ከጎኑ ሌላው ይጀምራል። እኔ እዚያች ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ አልሰለቸኝም።

የግድ የሚፈናጠር ውሃ ካላየሁ ካልክ፣ አገራችን ውስጥ ስሙን የምሰጥህ አፋር ውስጥ ሎግያና ሰመራ አጠገብ ያለውን አላሎባድን ነው። እዚያ የሚፈላ ውሃ ከድንጋይ መሐል እየተተፋ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ግን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመጀመሪያ የሞተር ጉዞ አልመክርህም። አዋሽን ደርሰህ ተመለስ፣ ከዚያ እናወራለን።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውስ። ፍል ውሃ ለማየት ከከተማ መውጣትም አያስፈልግህም ነበር። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርደህ ፍል ውሃ ትደርሳለህ፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ቤት ያሠሩት በዚያ ውሃ ምክንያት ነው፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። ያ ውሃና የአዋሹ ውሃ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆው መሬቱን ሲሰነጥቅ በከፈተው ስንጥቅ የሚወጡ ናቸው። እኔ ወደ አዋሽ ሰው ስወስድ ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን ፍል ውሃ ወስጄ አሳጥበዋለሁ። ከዚያ አዋሽ ላይ ቆሞ ሲያየው ሰውዬው ነገሩ ይገባዋል።

ስለ ስንጥቅ ካነሳን፣ 2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊት ፎቅህ ሲወዛወዝ ከአልጋህ ተነስተህ ከነበረ፣ ያ የመጣው ከዚህ ልትሄድበት ካለው ቦታ ነው። ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉት ተራሮች ሥር የቀለጠ ዐለት መሬቱን እየሰነጠቀ ስለገባ ነበር መንቀጥቀጡ። ታኅሣሥ 25 ቀን ደግሞ ዶፈን አጠገብ መሬቱ ተከፍቶ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ እየተፋ ሲወጣ ሁላችንም በስልካችን አየነው። ብዙ ሰው እሳተ ገሞራ ፈነዳ አለ፤ የወጣው ግን የቀለጠ ዐለት ሳይሆን ከታች በእሳቱ የጋለ ውሃ ነው። ራዲያተሩን አስታውስ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ፤ ከብታቸውንና ቤታቸውን ጥለው። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ ፍል ውሃ ለማየት የመጣህበት መሬት ለሌላው ሰው ቤቱ እንደሆነ ይታወቅህ። የወቅቱን ሁኔታም ከመነሳትህ በፊት ጠይቅ፤ ስለ መንቀጥቀጡም ስለ ጸጥታውም። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውል። ከዚያ በተጨማሪ ቃሊቲ ሄደህ ከጅቡቲ የተመለሰ የተሳቢ ሹፌር ጠይቅ። እንደ እነሱ መንገዱን የሚያውቅ የለም። «ዛሬ አይሆንም» ካሉህ አይሆንም ማለት ነው፤ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አድርገው።

አሁን ወደ ሞተርህ።

ከአራት ኪሎ ስትነሳ ያለኸው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ፓርኩ አጠገብ ካለችው ከተማ፣ መተሐራ ስትደርስ ወደ 950 ሜትር ወርደሃል። በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 1,450 ሜትር ቁልቁል ማለት ነው። ሰው የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ሞተርህ ግን በመጀመሪያ የሚያውቀው አየሩን ነው። እታች አየሩ ይወፍራል፤ ከአዲስ አበባው አየር ከ10 በመቶ በላይ። ካርቡሬተርህ ውስጥ ነዳጁን እየለካች የምታሳልፍ ትንሽ የናስ ቀዳዳ አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለው ይቺን በትንሽ የሚቀይሩ፣ ወይ የአየሯን ብሎን ከልክ በላይ የሚከፍቱ መካኒኮች አሉ። እዚህ ሰላም ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሹም ነዳጅ ይበቃዋል። ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች አስፋልት፣ መሐል ላይ የጋለ ሞተር። ፒስተን የሚነክሰው፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት ግሎ የሚጣበቀው፣ እንዲህ ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ከወለንጪቲ ወዲያ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሞተሩን ለሌላ መካኒክ ሰጥቼ ነበር ያስቃኘሁት። ቁልቁለቱን ስጨርስ ጉልበቱ እየቀነሰ መጣ፤ ነዳጅ ስሰጠው ኮረት ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ አሰማኝ። ወዲያው ቆምኩ። ግራር ጥላ ሥር አስገብቼው እስኪበርድ ድረስ ጠበቅሁና ካንዴላውን፣ ነዳጁን የሚለኩሰውን እሳት የሚጭረውን ዕቃ፣ ፈታሁት። ጫፉ እንደ ኖራ ነጭ ነበር፤ ነዳጅ አንሶት ግሏል ማለት ነው። ሌላ አምስት ኪሎ ሜትር ብገፋ ኖሮ ፒስተኑ አልቆ ነበር። አንድ የተሳቢ ሹፌር ቆሞ ውሃ ሰጠኝ፤ ጥላው ሥር አብሮኝ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ቆላ የሚወርድ ሞተር ካንዴላውን ሳላይ ከጋራዤ አላስወጣም።

አንተም ይህን አድርግ። ከመሄድህ በፊት ቢሾፍቱ ድረስ ደርሰህ ና፤ እንደወትሮው ንዳና እዚያ ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን ፍታ። ቀለሙ ገና መቅላት የጀመረ ቡና ከመሰለ ጥሩ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ ይበላብሃል እንጂ አይገድልህም። ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ ግን እንዳትሄድ። መካኒክህን «ወደ ፋብሪካው ልክ መልስልኝ» በለው፤ ይገባዋል። ትርፍ ካንዴላም ያዝ፤ ኪስ አይሞላም።

ዘይት ቀይር። ካቴናህን ቅባና ልኩን አስተካክል፤ ጠብቆ የተወጠረ ካቴና ሙቀት ላይ ይበጠሳል፣ በጣም የላላ ደግሞ ይወልቃል። የፍሬን ሸራህን አሳይ፤ ቁልቁለት አለብህ። የፍሪሲዮን ገመድ ትርፍ ያዝ። ጎማ ላይ ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያ አገር የግራር አገር ነው። የግራር እሾህ እንደ ምስማር ነው፤ ለመሽናት ከአስፋልቱ ወጣ ስትል እንኳ ጎማህን ይወጋዋል። ትርፍ ከመነዳሪ (የጎማውን የውስጥ ላስቲክ)፣ ጎማ ማውለቂያ ብረት እና የእጅ ፓምፕ ያዝ። ከዚህ በላይ ደግሞ ከመነዳሪ መቀየር ቤትህ ግቢ ውስጥ አንዴ ተለማመድ። ጎሚስታ አዳማም መተሐራም አለ፤ ጎማህ የሚተነፍሰው ግን በሁለቱ መሐል ነው።

ነዳጅ አያሳስብህም። ቦክሰር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ሳልባትዮውን (የነዳጅ ጋኑን) ሞልተህ ከወጣህ አዋሽ ሰባት ደርሰህ ይተርፍሃል። ሆኖም አዳማ ላይ ሙላ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልክህ ባትሪ እንዲኖረው፣ ቴሌብርህም ገንዘብ እንዲኖረው አድርግ። በሙቀት ባትሪ ቶሎ ያልቃል።

ወረቀትህንም እይ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ሐምሌ ጀምሮ ሞተር በፈቃድ ነው የሚነዳው፤ ይህን አንተ ስትነዳ ስለኖርክ ታውቀዋለህ። ከከተማ ውጭ ደግሞ በየኬላው ትቆማለህ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ እና መታወቂያ በፕላስቲክ ጠቅልለህ ደረት ኪስህ ውስጥ አድርግ፤ ቦርሳ ሥር ቀብረህ ፀሐይ ላይ ቆመህ አትፈልግ።

መንገዱ። ፈጣኑን መንገድ እርሳው፤ ያንተ መንገድ አሮጌው ነው። አርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስ። በስታዲየም፣ በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ። እስከ ዱከም ድረስ መኪናው ይበዛል፤ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልግህ። ከዚያ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ቁርስ ብላ፣ ሞተሩን አሳርፍ፣ ውሃ ጠጣ። ሦስት ሊትር ውሃ ከዚያ ይዘህ ውጣ። ጃኬትህን በሙቀት ምክንያት አታውልቅ። እጅጌ የሌለው ሰው ላቡ ቶሎ ይደርቅለታል፣ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ግን ውሃው ከሰውነቱ ያልቅና ያዞረዋል። ጃኬቱን ለብሰህ ከሥር ቲሸርትህን ውሃ አርሰው። ነፋሱ እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዝሃል።

ከአዳማ ወዲያ መንገዱ የተሳቢዎቹ ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በዚህ መሥመር ነው። ተሳቢ ከፊትህ ሲመጣ የሚገፋው ነፋስ አለ፤ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ካለፈህ በኋላ ደግሞ ይስብሃል። መሪውን አጥብቀህ አትጨብጥ፤ ጉልበትህን ሳልባትዮው ላይ ጠበቅ አድርግ፣ ከቀኝ ዳር ትንሽ ወደ መሐል ሁን። ከ70 በላይ አትንዳ። ግመልና ፍየል ይሻገራል። ግመል ካየህ ጥሩምባ አትንፋ፤ ፍጥነት ቀንስና እረኛውን እይ፤ በእጁ ያሳይሃል።

መተሐራ ልትገባ ስትል ጥቁር ድንጋይ ታያለህ። ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። ፈንታሌ የተፋው ነው፤ ተራራው ከግራህ ቁጭ ብሎ ታየዋለህ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውሃው ከመንገዱ ጋር ይተካከላል፤ በሰቃ ሐይቅ ነው። እዚህ ጋ ቆመህ እይ። ይህ ሐይቅ የዛሬ ስድሳ ዓመት አካባቢ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ግጦሽ በላ፣ እርሻ በላ፣ መንገዱና ባቡሩም ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገደደ። ሌሎች ሐይቆች ሲጎድሉ ይህ ይሞላል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። እንደኔ እንደኔ ከፓርኩ ከራሱ ባልተናነሰ ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ማረፊያህ ግባ። አዋሽ ሰባት ላይ ሆቴል አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ። ሞተርህን ግቢ ውስጥ፣ ዘበኛ ባለበት አቁም። ከዚያ ተኛ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ድረስ አውሬው ራሱ ጥላ ሥር ነው። ማታ አጎበር ሥር እደር፤ የወባ አገር ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ አትንዳ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፣ ፓርኩ ውስጥ በሞተር። ማን እንደሚገባ በሩ ላይ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኔ ግን ቢፈቀድልህም አትግባ እላለሁ። ሦስት ምክንያት አለኝ። አንበሳ አለ፣ ጅብ አለ፤ በሞተር ላይ ሆነህ በርና መስኮት የለህም። የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) አብሮህ መሄድ አለበት፤ ቦክሰር ላይ ሁለት ሆናችሁ በአሸዋና በድንጋይ መንገድ መንዳት ለሁለታችሁም አደጋ ነው። ሦስተኛው ለኔ ትልቁ ነው፦ በሞተር ከገባህ ምንም አታይም። ዓይንህ መንገዱ ላይ ነው፤ የማርሚታህን ድምፅ ደግሞ ሳላው ከአንድ ኪሎ ሜትር በፊት ይሰማዋል። ያን ሁሉ መንገድ መጥተህ አቧራና የሚሮጥ ጀርባ አይተህ ትመለሳለህ።

ስለዚህ ቅዳሜ ፎርዊል መኪና ከነሹፌሩ ተከራይ። ከሌላ ሰው ጋር ብትካፈሉት ይቀልሃል። በጠዋቱ፣ ገና ሰማዩ ሲገለጥ ግባ።

ፓርኩን አስፋልቱ ለሁለት ከፍሎታል። ከደቡብ ጀምር። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ እዚያ ነው፤ የሳር ሜዳ። ሹፌሩን «ሞተሩን አጥፋው» በለውና ጠብቅ። አሥር ደቂቃ። አስራ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ቁጥቋጦ ብቻ ነው የሚታይህ። ከዚያ ከቁጥቋጦዎቹ አንዱ ጆሮውን ያወዛውዛል። ሳላ ነው። አመድማ ገላ፣ ፊቱ ላይ በጥቁርና በነጭ የተሣለ ጭምብል፣ ቀንዱ ደግሞ ሁለት ቀጥ ያለ ጦር። ወደ ጎን ሲዞር ሁለቱ ቀንድ አንድ ይሆናል። አንዱን ካየህ በኋላ ዓይንህ ይከፈታል፤ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ሆነው ያን ጊዜ ሁሉ ሲያዩህ እንደነበር ታውቃለህ።

ስለ ሳላ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሳየው ሌላ ዓይነት ክብር ነው የሚሰማኝ። እኛ ሲሞቀን እናልባለን። ሳላ ውሃ ሲያጥረው ላቡን ይይዛል፤ ሙቀቱን ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል፣ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ። ሰው እዚያ ሳይደርስ ይሞታል። ሳላው የሚተርፈው ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአፍንጫው በኩል በሚገባው አየር ከቀዘቀዘ ደም አጠገብ ስለሚያልፍ ነው። ገላው ይግላል፣ አንጎሉ ግን ያን ያህል አይግልም። ራዲያተር ማለት ይሄ ነው።

ሌላም ታያለህ። አምበራይሌ እሾህ መሐል ቆሞ፣ ከርከሮ ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ሲሮጥ፣ እንሹ ጥንድ ጥንድ ሆና። የወፉ ዓይነት ከ450 በላይ ነው። አንበሳን ግን ተስፋ አድርገህ አትሂድ። ድምፁን ሌሊት ብትሰማ እንኳ ዕድለኛ ነህ።

ፏፏቴው ጋ ስትደርስ ዝንጀሮዎቹን በደንብ እይ። ባለጎፈሩ የቆላ ዝንጀሮና ወይራማው ዝንጀሮ የሚገናኙት እዚያ ወንዝ ላይ ነው፤ ይዋለዳሉም። ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እየተመላለሱ ያጠኗቸዋል። ግማሽ ጎፈር ያለው ወንድ ካየህ ከሁለቱም ነው። ምግብ አትስጣቸው፣ አታሳያቸውም። ወንዙ ዳርም አትውረድ፤ አዞ አለ።

ፍል ውሃው በሰሜን በኩል ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይገባል፤ መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እዚያ የአፋር ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ከብት ሲያጠጡ ታገኛለህ። ሰላምታ ቅደም። ስልክህን ከማውጣትህ በፊት አስፈቅድ። ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲከለል አፋሮችና ከረዩዎች የሚያግዱበት መሬት ነበር፤ የመተሐራው የሸንኮራ እርሻም ሌላውን ወሰደ። በድርቅ ጊዜ ከብት ፓርኩ ውስጥ ካየህ «ለምን ገቡ» ብለህ አትፍረድ።

ውሃው ከኩሬ ኩሬ ይለያያል። አንዱ ገላ ይችለዋል፣ ሌላው ያቃጥላል፤ በዓይን አይለይም። ስካውቱ «እዚህ» ያለህ ጋ ብቻ፣ መጀመሪያ በእጅህ፣ ከዚያ በእግርህ ሞክር። ዳሩ ላይ ነጭ ወይ ለስላሳ ቅርፊት ካየህ አትርገጠው፤ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ራስህን አትድፈቅ። በሞቀ ውሃ የሚኖር፣ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚጎዳ ተሕዋስ አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው። ከአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አትቆይ፤ ውጭውም ሙቀት ስለሆነ ስትወጣ ያዞርሃል። ሳሙና አትጠቀም። ከኩሬዎቹ በታች ወዳለው ረግረግ ደግሞ ፈጽሞ አትሂድ።

እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተህ ተመለስ። ሽቅብ ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ይላል፤ ማርሽ ቀንስለት፣ አታስጨንቀው። ወለንጪቲ ላይ አሳርፈው።

ጊዜውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውስጥ አድርገው። በክረምት የፓርኩ መንገድ ይጨቀያል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ለአዲስ ነጂ ይከብዳል። መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባልክ ወይ ሦስት ቀን ካላገኘህ ወደ ደቡብ ያለውን አብጃታ ሻላን አስብ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከ በሩ አስፋልት ነው። በሩ አጠገብ ሰጎንና የሜዳ ፍየል አለ፤ ሻላ ሐይቅ ዳር ሰው በቆሎ የሚቀቅልበት ፍል ውሃ አለ። የመንገዱን ጸጥታ ግን እሱንም ጠይቅ።

ካንዴላውን ፈትተህ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ቀለሙን አይቼ ሂድ ወይም ቆይ እልሃለሁ።